ፖክሃራ ወይስ ቺያንግ ማይ? ከተማን በሰዓት መምረጥ

«ላፕቶፔን ይዤ ጥቂት ወራት እስያ ልቀመጥ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» ይህን ጥያቄ ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ ከዋሽንግተንም ከሚደውሉ ጓደኞቼ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሁለት ስሞች ሁልጊዜ ይነሣሉ፦ የኔፓሏ ፖክሃራና የታይላንዷ ቺያንግ ማይ።

ሰው ቢምታታበት አይገርምም። ሁለቱም ዋና ከተማ አይደሉም። ሁለቱም ተራራ ሥር ናቸው። በሁለቱም ኑሮው ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ይረክሳል። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ፎቶም አንድ ዓይነት ነው፦ ቤተ መቅደስ፣ ጉም፣ አንድ ስኒ ቡና፣ የተከፈተ ላፕቶፕ። በመካከላቸው ግን ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። እኔ በሁለቱም ተቀምጬ ሠርቻለሁ። ኖሬ ያየሁት፣ ምርጫውን የሚወስነው ተራራው ሳይሆን ሰዓታችሁ መሆኑን ነው።

ከአገሩ ርቆ በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ የአሠሪውና የቤተሰቡ ነው። ሌላው የሚኖርበት ከተማ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ከተማው ውስጥ እየኖሩ ከተማውን አለማየት ይመጣል። ገበያው ሲደራ እናንተ ስብሰባ ላይ ናችሁ። እናንተ ስትወጡ በሩ ሁሉ ተዘግቷል።

## መጀመሪያ መመዘኛው

የቦታው ውበት መመዘኛዬ ውስጥ የለም። ሁለቱም ያምራሉ። የምመዝነው በእነዚህ ነው፦ ከምትሠሩበትና ከምትደውሉበት አገር ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት፤ ከተማው የሚነቃበትና የሚተኛበት ጊዜ፤ የሰው ጠባይና ገበታ፤ አየሩና ወቅቱ፤ በመጨረሻም ቪዛው፣ መንገዱና ኢንተርኔቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳሉ። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ከዚህ በታች ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን እ.ኤ.አ. ነው።

## የኔፓል 15 ደቂቃ

የኔፓል ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል። በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ሰዓት በዓለም ላይ ጥቂት ቦታ ነው ያለው። ምክንያቱ ተራራ ነው። ከካትማንዱ በስተምሥራቅ ጋውሪሻንካር የሚባል 7,134 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ። ኔፓል ሰዓቷን በዚያ በኩል በሚያልፈው የኬንትሮስ መስመር ላይ አቆመች። ከ1986 ጀምሮ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ከጎረቤቷ ከሕንድ ጋር እኩል ነበረች።

ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት እንግዲህ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ይህን ቁጥር በደንብ ያዙት። እኔ መጀመሪያ ሰሞን «ሦስት ሰዓት ያህል ነው» ብዬ ነበር የያዝኩት። አዲስ አበባ ላይ ቀን 8 ሰዓት የተያዘ ስብሰባ ነበረኝ። በእኔ ስሌት ፖክሃራ ላይ 11 ሰዓት ሆነ። ትክክለኛው ግን 10:45 ነበር። ስገባ ሰዎቹ ሩብ ሰዓት ጠብቀውኝ ርእሱን አልፈው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ በቃሌ አላሰላም፤ ስልኬ ላይ ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የስልካችሁ ዝርዝር ውስጥ ፖክሃራ ከሌለች ካትማንዱን ምረጡ፤ አንድ ነው።

## ታይላንድና የእኛ ምሽት

ታይላንድ ከ1920 ጀምሮ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ7 ሰዓት ቀድማ ነው ያለችው። ከአዲስ አበባ ጋር ድፍን 4 ሰዓት ነው። ስሌቱ አያስቸግርም።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ቺያንግ ማይ በገባሁ በሳምንቴ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ቁልፍ ሊያመጡልኝ ተቀጣጠርን። በስልክ «ሶንግ ቱም» አሉኝ። ሶንግ ሁለት መሆኑን አውቃለሁ። የትኛው ሁለት እንደሆነ ግን አላወቅኩም። እንደ ልማዴ ምሽት 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ልክ በሰዓቱ መጡ።

ለካ በታይ ንግግር ቀኑ በአራት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ስድስት ሰዓት ነው። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ እንደ እኛው ከአንድ ይጀምራሉ። ኑንግ ቱም ምሽት 1 ሰዓት ነው። ሳም ቱም ምሽት 3 ሰዓት ነው። ሃ ቱም ምሽት 5 ሰዓት ነው። ሌላው እንግዳ ሁሉ ይህን ሲሰማ ወረቀት ያወጣል። ለእኛ ግን የእናታችን ቤት አቆጣጠር ነው። ጠዋትም በድሮው አነጋገር ከአንድ ይጀምር ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ሰው ጠዋቱን በዓለም አቀፉ ቁጥር ይጠራል። ከቀትር በኋላ ያለውም ከእኛ ይለያል። ስለዚህ ዝምድናው ለምሽት ብቻ ነው። ጽሑፍ ላይ፣ አውቶቡስ ጣቢያና ኤርፖርት ደግሞ የ24 ሰዓቱ አቆጣጠር ነው የሚሠራው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የኬንትሮስ ልዩነት 15 ዲግሪ ነው። በፀሐይ ቢሄድ ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። በሰዓታቸው ግን 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይለያያሉ። ያቺ ትርፍ ሩብ ሰዓት የመንግሥታት ውሳኔ ናት።

## ሥራችሁ በየትኛው የቀኑ ክፍል ላይ ይወድቃል?

ኔፓልም ታይላንድም ሰዓት አያዛውሩም። ኢትዮጵያና ዱባይም አያዛውሩም። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ያዛውራሉ። በመጋቢት አካባቢ ያስቀድማሉ፣ በጥቅምት ማገባደጃ ይመልሳሉ። ስለዚህ ለእነሱ ሁለት ዓይነት ስሌት ያስፈልጋል።

| አሠሪያችሁ ያለበትና የሥራ ሰዓቱ | ፖክሃራ ሆናችሁ | ቺያንግ ማይ ሆናችሁ |
|---|---|---|
| አዲስ አበባ፣ 2:30–11:30 | ረፋድ 5:15 – ምሽት 2:15 | ቀን 6:30 – ምሽት 3:30 |
| ዱባይ፣ 3:00–12:00 | ረፋድ 4:45 – ምሽት 1:45 | ቀን 6:00 – ምሽት 3:00 |
| እስራኤል፣ 3:00–11:00 (መጋቢት–ጥቅምት) | ረፋድ 5:45 – ምሽት 1:45 | ቀን 7:00 – ምሽት 3:00 |
| ጀርመን፣ 3:00–11:00 (መጋቢት–ጥቅምት) | ቀን 6:45 – ምሽት 2:45 | ቀን 8:00 – ምሽት 4:00 |
| ጀርመን፣ 3:00–11:00 (ጥቅምት–መጋቢት) | ቀን 7:45 – ምሽት 3:45 | ቀን 9:00 – ምሽት 5:00 |
| ዋሽንግተን፣ 3:00–11:00 (መጋቢት–ጥቅምት) | ምሽት 12:45 – ሌሊት 8:45 | ምሽት 2:00 – ሌሊት 10:00 |
| ዋሽንግተን፣ 3:00–11:00 (ጥቅምት–መጋቢት) | ምሽት 1:45 – ሌሊት 9:45 | ምሽት 3:00 – ንጋት 11:00 |

ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው «ፖክሃራ ሁሌም ይቀድማል፤ ቶሎ ያስተኛል፤ እሱ ይሻላል» ይላል። እዚህ ላይ ነው የከተማው ጠባይ የሚገባው።

## ፖክሃራ፦ የጠዋት ከተማ

ፖክሃራ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ከኋላዋ ግን ምድር በአንድ ጊዜ ትነሣለች። አናፑርና 8,091 ሜትር ነው። ማቻፑችሬ 6,993 ሜትር ነው፤ ስሙ የዓሣ ጅራት ማለት ነው። ማቻፑችሬ በኔፓላውያን ዘንድ የሂንዱው አምላክ የሺቫ መኖሪያ ነው፤ መውጣት ክልክል ነው። በ1957 የብሪታንያ ቡድን ጫፉ ጋ 50 ሜትር ያህል ሲቀረው ለእምነቱ ክብር ብሎ ተመልሷል። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

ተራራው በብዛት የሚገለጠው ጠዋት ነው። ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ የማቻፑችሬ ጫፍ መጀመሪያ ሮዝ፣ ቀጥሎ ወርቅ ይመስላል። ፌዋ ሐይቅ ዳር ያሉት ቀለም የተቀቡ የእንጨት ጀልባዎች ገና አልተፈቱም። ሐይቁ መሐል ካለችው የታል ባራሂ ቤተ መቅደስ ደወል ይሰማል። ቅርጫታቸውን በግንባራቸው ማሰሪያ የተሸከሙ ሴቶች ያልፋሉ። ሻዩ በወተት ይፈላል፤ በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ብዙ ጊዜ ደመናው መጥቶ ተራራው ይጠፋል። የረፈደበት ሰው ሰማይ ብቻ ያያል።

አሁን ሠንጠረዡን መልሳችሁ እዩት። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ላለ አሠሪ ለሚሠራ ሰው የፖክሃራ ሥራ የሚጀምረው ረፋድ ላይ ነው። ተራራው ሲሸፈን ላፕቶፑ ይከፈታል። ከተማዋ የምትሰጠውን ሁሉ ተቀብላችሁ ነው ሥራ የምትገቡት። ስትጨርሱ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ እራት አለ። ምሽት 4 ሰዓት ካለፈ ግን ሐይቅ ዳር ያሉት ቤቶች መዝጋት ይጀምራሉ። ውጭ የሚቀረው ውሻ ነው። ለዋሽንግተን የሚሠራ ሰው እስከ ሌሊት 9:45 ብቻውን ነቅቶ ይቆያል። የሚበላው ነገር ከቀን አስቀርቶ ካልያዘ አያገኝም። ጠዋቱን ደግሞ ይተኛበታል። ፖክሃራ ሄዶ ጠዋትን መተኛት በጣም ያሳዝነኛል።

የሰዉ ጠባይ ረጋ ያለ ነው። ከተማዋ ቱሪስት ብቻ ያላት እንዳይመስላችሁ። በብሪታንያና በሕንድ ጦር ያገለገሉ ብዙ ጡረተኛ የጉርካ ወታደሮች ቤት ሠርተው የሚኖሩባት ናት። አብዛኞቹ የጉሩንግና የማጋር ተወላጆች ናቸው። ከ1959 በኋላ የተሰደዱ ቲቤታውያን መንደሮችም አሉ። ሽማግሌ ይከበራል። ሰላምታው ሁለት እጅ አጣምሮ «ናማስቴ» ነው። ትንሽ ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት የለመደ ሰው አይቸገርም።

የሳምንቱ ዕረፍት ቅዳሜ ነው። እሑድ የሥራ ቀን ሆኖ የኖረ አገር ነው። እስራኤል ላለ አሠሪ የምትሠሩ ይህ ይመቻችኋል። ዘመኑንም በራሳቸው ቢክራም ሳምባት ነው የሚቆጥሩት። 2025 አጋማሽ ላይ እዚያ 2082 ነበር። ታይላንድ ደግሞ በቡድሃ ዘመን 2568 ነበር። እኛ 2017 ላይ ነበርን። የልደት ቀኑን በየቢሮው ሲያስለውጥ ለኖረ ሐበሻ ሁለቱም አገር ቅጽ ሲሞላ እንግዳ አይሆንበትም።

## ቺያንግ ማይ፦ የምሽት ከተማ

ቺያንግ ማይን ንጉሥ ማንግራይ በ1296 መሠረቷት። የላና መንግሥት መናገሻ ነበረች። ታይላንዶች ራሳቸው የሰሜኑን ሰው ንግግር «ዝግ ያለ፣ ለስላሳ» ይሉታል። አሮጌው ከተማ አራት ማዕዘን ነው፤ ዙሪያውን የውኃ ቦይ ከብቦታል። አንዱ ጎን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በእግር ይዳረሳል።

ጠዋቷም መልካም ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነኮሳት ብርቱካናማ ልብሳቸውን ለብሰው በባዶ እግር ይወጣሉ። ሰው በራፉ ላይ ተንበርክኮ ምግብ ይሰጣል። መጀመሪያ ሳይ የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ። ልዩነቱ ድምፅ ነው፤ የእኛው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፣ እነዚህ ምግብ ለመጠየቅ ምንም አይናገሩም።

ከተማዋ የምትደምቀው ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ቀኑ ይሞቃል። ሰው ጥላ ውስጥ ይቆያል። 11 ሰዓት ላይ ጋሪዎች መውጣት ይጀምራሉ። እሑድ ማታ ከታ ፔ በር ጀምሮ ራቻዳምኖን መንገድ ለመኪና ይዘጋል፤ ሙሉው ገበያ ይሆናል። በየቤተ መቅደሱ ግቢ ምግብ ይሸጣል። ጥብሱ፣ የኮኮናት ወተቱ፣ የሚቀጠቀጠው ቃሪያ አንድ ላይ ይሸታል። በሌሊቱ ሰዓትም ክፍት የሚሆኑ የኑድል ቤቶች፣ ሱቆችና ካፌዎች አሉ። ኒማንሄሚን በሚባለው ሰፈር ላፕቶፕ ይዞ እኩለ ሌሊት ላይ መቀመጥ ማንንም አያስገርምም።

ለዋሽንግተን የምትሠሩ ሰዎች፣ እዚህ ነው ቦታችሁ። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት ምሽቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። በልታችሁ፣ ተዘዋውራችሁ ሥራ ትገባላችሁ። ሌሊት ሲርባችሁ በር ላይ የሚበላ አለ። ሙቀቱን ደግሞ ተኝታችሁ ታሳልፋላችሁ። ፖክሃራ በሠንጠረዡ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ቢቀድምም ይህን መስጠት አይችልም።

ለአዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ግን ቺያንግ ማይን በደንብ ያጣታል። ሥራው ቀን 6:30 ጀምሮ ምሽት 3:30 ያልቃል። ገበያው ሲደራ ስክሪን ላይ ነው። ሲወጣ ሻጮቹ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ነው። ነፃ የሚሆንበት ጠዋት ቀዝቃዛ ቢሆንም ከተማዋ ገና አልተከፈተችም።

ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣሊያን ላለ አሠሪ የሚሠራ ከሁለቱም ቢመርጥ አይሳሳትም። እኔ ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፖክሃራን እመርጥለታለሁ። ቺያንግ ማይ ላይ እስከ ምሽት 5 ሰዓት መሥራት ስድስት ወር ሙሉ ይከብዳል።

## ገበታው

ኔፓል ዋናው ምግብ ዳል ባት ነው፦ ሩዝ፣ የምስር ወጥ፣ የአትክልት ወጥና አቻር የሚባል የሚያቃጥል ማባያ። ብዙ ቦታ ሳህኑ ሲጎድል ተጨማሪ ይደረግላችኋል፤ ተጨማሪው አይከፈልበትም። በቀኝ እጅ ነው የሚበላው። ያለ ሥጋ መብላት የተለመደ ስለሆነ ለጾመኛ ገነት ነው። «ቅቤ አይግባበት» ማለት ብቻ አትርሱ። ላም ማረድ በሕግ ክልክል ነው፤ የሚበላው የጎሽ፣ የዶሮና የፍየል ሥጋ ነው። ክትፎ የለመደ ይናፍቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኔፓል ውስጥ ሰው የነካው ወይም የቀመሰው ምግብ «ጁቶ» ይባላል፤ ርኩስ ነው ማለት ነው። ከሳህናችሁ አንሥታችሁ ለሰው አትስጡ። ጉርሻማ አይታሰብም። አክብሮትና ፍቅር የምንገልጽበት እጅ እዚያ ስድብ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳላውቅ አንዲት እናት ላይ እጄን ዘርግቼ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ። ልጃቸው አስረድቶ አዳነኝ።

ቺያንግ ማይ በተቃራኒው ገበታው የጋራ ነው። ላናዎች ካንቶክ የሚባል ከእንጨት የተሠራ እግር ያለው ክብ ገበታ አላቸው። ወለል ላይ ተቀምጠው ዙሪያውን ከበው ይበላሉ። ተጣባቂውን ሩዝ በእጃቸው ቆንጥረው፣ ጠቅልለው ወጡ ውስጥ ያጠቅሳሉ። ሞሰብ ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ ሆድ ያባባል። ላፕ የሚባለው የተከተፈ ሥጋቸው በጥሬውም ይበላል። እሱን ግን በተለይ የአሳማ ከሆነ አስጠብሳችሁ ብሉ፤ ጥሬ የአሳማ ሥጋ ከባድ ኢንፌክሽን ያመጣል። ካኦ ሶይ የሚባለውን የኮኮናት መረቅ ከኑድል ጋር ሳትቀምሱ አትመለሱ፤ ከ50 እስከ 80 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) አካባቢ ነው። ለጾም «ጄ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ምልክት የሰቀለ ቤት ፈልጉ። ያለዚያ የዓሣ መረቅ ሁሉም ነገር ውስጥ ይገባል።

ቡናን በተመለከተ ቺያንግ ማይ ታሸንፋለች። በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች ላይ ድሮ ኦፒየም ይበቅል ነበር። ከ1969 ጀምሮ በንጉሣዊው ፕሮጀክት ገበሬው ወደ ሌላ ሰብል ሲዞር አረቢካ ቡና አንዱ ሆነ። ዛሬ እዚያው ተቆልቶ እዚያው ይፈላል። ፖክሃራ የሻይ አገር ናት። ጀበናና ጥሬ ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

## አየርና ወቅት

የፖክሃራ ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘንባል። የሚዘንበውም በብዛት ነው፤ ፖክሃራ ኔፓል ውስጥ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ተራራው ለቀናት አይታይም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ግን ወደር የለውም። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ብዙ ቤት ማሞቂያ የለውም። ጋቢ ይጠቅማል።

ቺያንግ ማይ ከኅዳር እስከ ጥር ግሩም ናት። ከዚያ በኋላ የቃጠሎ ወቅት ይመጣል። እርሻና ደን ይቃጠላል፤ ከጎረቤት አገሮችም ጭስ ይገባል። ከተማዋ በተራራ የተከበበ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ጭሱ አይወጣም። በመጋቢት ወር በዓለም ላይ አየራቸው በጣም ከተበከለ ከተሞች ተርታ ደጋግማ ተመዝግባለች። በግምት የእኛን ዐቢይ ጾም ጊዜ አስቡት። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃን ልጅ የያዘ ሰው በዚያ ወቅት አይሂድ። ይህን በቀላሉ አትውሰዱት። ዶይ ሱቴፕ ተራራ ከተማው አጠገብ ቆሞ ሳለ ከመስኮቴ ለሳምንት አላየሁትም። ፖክሃራም በመጋቢትና በሚያዝያ ከደን ቃጠሎ ጭስ አያመልጥም። ለእነዚህ ሁለት ወራት ሁለቱንም አልመክርም።

## ቪዛ፣ መንገድ፣ ኢንተርኔት

እዚህ ላይ የያዛችሁት ፓስፖርት ብዙ ይወስናል። ኔፓል ለአብዛኛው አገር ዜጋ ኤርፖርት ላይ ቪዛ ትሰጣለች፤ ለ30 ቀን 50 ዶላር፣ ለ90 ቀን 125 ዶላር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ከዚህ ውጪ ከተደረጉት ጥቂት አገሮች ውስጥ ነው። ቀድሞ ከኤምባሲ መውሰድ ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኔፓል ኤምባሲዎች ስላሉ እዚያ ላላችሁ ይቀላል። በቱሪስት ቪዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም።

ታይላንድ በ2024 ለርቀት ሠራተኞች የሚሆን የአምስት ዓመት ቪዛ ጀምራለች። በአንድ ግቢያ 180 ቀን ይፈቅዳል። ክፍያው 10,000 ባት ነው። 500,000 ባት ተቀማጭ ገንዘብ ማሳየት ግዴታ ነው፤ ይህ ከ15,000 ዶላር አያንስም። ገንዘቡ ላለው ሰው ከኔፓል የበለጠ ዋስትና ይሰጣል። ከኢትዮጵያ የምትነሡ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ፤ ታይላንድ ትጠይቃለች።

መንገዱ ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ ባንኮክ ቀጥታ በረራ አለ። ከባንኮክ ቺያንግ ማይ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ የሌሊት ባቡርም አለ። ወደ ካትማንዱ ግን ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው ወይም በሕንድ በኩል መቀየር ግድ ነው። ከካትማንዱ ፖክሃራ 200 ኪሎ ሜትር ቢሆንም በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። በረራው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን በጥር 2023 ፖክሃራ ሲደርስ በወደቀው አውሮፕላን 72 ሰዎች ሞተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2013 ጀምሮ የኔፓል አየር መንገዶችን ከሰማዩ አግዷል። እኔ አውቶቡሱን ነው የምመርጠው፤ የጠዋቱን ያዙ።

ኢንተርኔት በሁለቱም ፋይበር አለ። ቺያንግ ማይ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ፖክሃራ ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፤ የሞባይል ዳታና የተሞላ ፓወር ባንክ ያስፈልጋል። በመስከረም 2025 ደግሞ የኔፓል መንግሥት ዋትስአፕና ፌስቡክን ጨምሮ 26 መድረኮችን ዘጋ። ተቃውሞ ተነሣ፣ ብዙ ወጣት ሞተ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። መድረኮቹ በቀናት ውስጥ ተከፍተዋል። ይሁንና ከቤተሰብ ጋር የምትገናኙበትን ሁለተኛ መንገድ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ፖክሃራ | ቺያንግ ማይ |
|---|---|---|
| ከአዲስ አበባ ልዩነት | 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ | 4 ሰዓት |
| የከተማው ምርጥ ጊዜ | ከንጋት እስከ ረፋድ 4 ሰዓት | ከ11 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት |
| ሳምንታዊ ዕረፍት | ቅዳሜ | ቅዳሜና እሑድ |
| ምርጥ ወራት | ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር | ከኅዳር እስከ ጥር |
| የሚሸሹ ወራት | ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ | ከየካቲት እስከ ሚያዝያ |
| የጾም ምግብ | በጣም ቀላል | «ጄ» ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል |
| ቪዛ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት | ቀድሞ ከኤምባሲ | የርቀት ሠራተኛ ቪዛ አለ፤ ተቀማጭ ይጠይቃል |
| ጉዞ | አድካሚ | ቀላል |
| ኢንተርኔትና መብራት | መጠባበቂያ ይፈልጋል | የተሻለ |

## እንደየሁኔታችሁ

አዲስ አበባ፣ ባሕረ ሰላጤው ወይም እስራኤል ለሚሠራና በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው ፖክሃራን እላለሁ። ጠዋቱን ታገኛላችሁ፤ ማታ ወደ ቤት ለመደወልም አይረፍድባችሁም። አዲስ አበባ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ 3:45 ነው። ቺያንግ ማይ ሆናችሁ ቢሆን 5 ሰዓት ነበር። እናታችሁ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡና አፍልታ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ብትደውልም ፖክሃራ ቀን 6:45 ነው፤ ምሳ ላይ ታገኛችኋለች።

አሜሪካ ለሚሠራ፣ ተቀማጩን ለማሳየት ለማይቸገርና ስድስት ወር መቀመጥ ለሚፈልግ ቺያንግ ማይ ናት። ከልጅ ጋር ለሚሄድም ሐኪም ቤቱና መንገዱ ስለሚሻል ቺያንግ ማይን እመርጣለሁ፤ የጭሱን ወራት አስወጥታችሁ። ሞተር ሳይክል ተከራይታችሁ ልትነዱ ከሆነ መንገዱ በግራ መሆኑን አስቡበት፤ በኔፓልም እንደዚያው ነው። የሞተር ፈቃድ የሌለው ሰው አይንዳ። ቺያንግ ማይ ውስጥ የምትዞረው ቀይ የጋራ ታክሲ ትበቃለች።

አራት ወር ያለው ሰው ደግሞ ምርጫ ውስጥ አይግባ። ጥቅምትና ኅዳርን ፖክሃራ ይሁን። ታኅሣሥ ላይ ከካትማንዱ ባንኮክ ቀጥታ በረራ አለ፤ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። አውሮፕላኑ ውስጥ ሰዓታችሁን 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ወደፊት ግፉት። ታኅሣሥንና ጥርን ቺያንግ ማይ ቆዩ። የካቲት ሲገባ ጭሱ ሳይበረታ ውጡ።